የሚጢ ግራ ጆሮ ለምን ወደቀ?

ጥያቄው ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ከምትኖር እናት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ለልጄ ጥንቸል ከገዛንለት ሁለት ወር ሆነን። ሚጢ እንላታለን። ስትመጣ ከእፍኝ አትበልጥም ነበር፣ ጆሮዎቿ ቀጥ ያሉ፣ ጫፋቸው ብቻ አመድማ። አሁን ከፊቷ በልጠው ረዝመዋል፣ ጠቁረዋልም። ግራው ደግሞ ሰሞኑን ቀስ በቀስ ዘንበል ዘንበል ሲል ቆይቶ አሁን ወደ ጎን ወድቋል። ጠዋት ስነካቸው በረዶ፣ ቀን ላይ እሳት ናቸው። ትበላለች፣ ጓሮ ስንለቃት መያዝ ያቅተናል። ጎረቤቴ ግን ታማለች፣ ልጁ ላይ ሳይጋባ ጣያት አለችኝ። ልጄ ሲያለቅስ ነው የሚውለው። እውነት ታማ ነው ወይስ እያደገች ነው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን አባብዪው። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ጥንቸል የሚያስጥል ነገር የለበትም። የታመመች ጥንቸል ሰው አታሯሩጥም። ጥግ ይዛ፣ ጎብጣ ነው የምትቀመጠው፣ ምግቧንም ትተዋለች። በኔ ግምት ሚጢ እያደገች ነው። ግምት ያልኩት ጆሮዋን በዓይኔ ስላላየሁት ነው። ጎረቤትሽንም አትቀየሚያት። ጆሮ በእድገትም ይወድቃል፣ በበሽታም ይወድቃል። ዛሬ ራስሽ አይተሽ እንድትለዪው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

እኔ ከብትና በግ ሳክም የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥንቸል ወደኔ መምጣት የጀመረችው ዘግይታ ነው። የምትመጣውም ሁልጊዜ በዘይት ካርቶን፣ በልጅ እጅ ነው። አዋቂዎቹ ከኋላ ይቆሙና «እንግዲህ ለልጁ ብለን ነው» ይላሉ፣ አፈር እያሉ። ምን ያሳፍራል? ላም ይዞ ሲመጣ ማን ያፍራል!

ጥንቸል ስትወለድ ጆሮ አላት ለማለት ይከብዳል። ከ31 ቀን ገደማ እርግዝና በኋላ የምትወጣው ነገር ራቁቷን ናት፣ ዓይኗ የተከደነ፣ ጆሮዋ ደግሞ ጭንቅላቷ ላይ የተለጠፈች የጥፍር ታህል ቁራጭ ቆዳ። ቀዳዳውም ዝግ ነው፣ አትሰማም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጆሮው ከጭንቅላቷ እየተላቀቀ ይነሳል፣ ሁለተኛው ሳምንት ሲጋመስ ዓይኗ ይገለጣል፣ መስማትም ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ ጆሮ ይሮጣል። ሰውነት ከኋላ ነው የሚከተለው። የሁለትና የሦስት ወር ጥንቸል የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ ነው የምትመስለው፣ ሁሉ ነገሯ ጆሮ ብቻ ይሆናል። አራትና አምስት ወር ላይ ጆሮው ርዝመቱን ሊጨርስ ምንም አይቀረው፣ ፊትና ትከሻ ግን ገና እየሞላ ይሄዳል። ስለዚህ «ከፊቷ በልጠው ረዝመዋል» ያልሽው ልክ በጊዜው የመጣ ነው። ትንሽ ቆይተሽ ስታያት ፊቷ ደርሶበት ታገኚዋለሽ።

መጥቆሩን በተመለከተ አንድ ነገር አልነገርሽኝም፣ አፍንጫዋና እግሮቿስ? እነሱም ጭራዋም ከጠቆሩ፣ የቀረው ሰውነቷ ነጭ ከሆነ፣ ካሊፎርኒያ የሚባለው ዘር ደም አለባት ማለት ነው። ይህ ዘር በፈረንጆች 1920ዎቹ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ተዳቅሎ የወጣ ነው። ያንን መልክ የሰጠው ሂማሊያን የሚባለው የቆየ ዘር ነው። የነዚህ ጥንቸሎች ነገር ደስ ይላል። ጸጉራቸውን የሚያጠቁረው ኢንዛይም ሙቀት አይችልም። ቆዳው ሞቅ ባለበት ቦታ ሥራ ያቆማል፣ ቀዝቀዝ ባለበት ቦታ ይሠራል። ማኅፀን ሞቃት ነውና ግልገሏ ነጭ ሆና ትወለዳለች። ከወጣች በኋላ ብርድ የሚያገኛቸው ጫፎቿ ብቻ ይጠቁራሉ፣ መጀመሪያ አመድማ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ኋላ ጥቁር። የሂማሊያን ጥንቸል ጀርባ ላይ ትንሽ ቦታ ተላጭቶ በረዶ ሲታሰርበት አዲሱ ጸጉር ጥቁር ሆኖ ይበቅላል፤ የባዮሎጂ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ሙከራ ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ክረምት ከገባ ጆሮዋ ከዚህም በላይ ቢጠቁር አይግረምሽ። ጋምቤላ ያደገች እህት ብትኖራት ፈዘዝ ያለች ሆና ነበር የምታገኛት።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የምልሽ ጸጉሩ ሲጠቁር ነው። ጸጉሩን በጣትሽ ገለል አድርገሽ ሥሩን እዪ። ቆዳው ንጹሕና ለስላሳ ከሆነ ጨርሰናል። ሥሩ ላይ ቅርፊት፣ ቁስል ወይም የደረቀ ደም ካለ ቀለም አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው።

አሁን በረዶና እሳቱ። ጥንቸል ላብ አያልባትም ማለት ይቻላል፣ እንደ ውሻ ማለክለክም ብዙ አይጠቅማትም። ሙቀቷን የምታወጣው በጆሮዋ ነው። ጆሮ ከቆዳዋ ስፋት 12 በመቶ ገደማ ይይዛል፣ ለዚያች ትንሽ እንስሳ ይህ ብዙ ነው። ረፋዱ ላይ ሚጢን እቅፍ አድርገሽ በር ላይ ቁሚና ጆሮዋን ወደ ብርሃኑ እዪው። ጸጉሩ ከጠቆረብሽ በውስጥ በኩል ነው የሚታየው። መሐል ለመሐል የምትወርድ ወፍራም የደም ሥር አለች፣ ዳርና ዳሩን ደግሞ ቀጫጭኖቹ ይዞራሉ፣ ልክ የቅጠል ሥር ይመስላል። ሲሞቃት እነዚህ ይሰፋሉ፣ ደሙ ወደ ላይ ይወጣና ይቀዘቅዛል። ሲበርዳት ይጠባሉ፣ ጆሮው በረዶ ይሆናል፣ ሙቀቱ ሆዷ ውስጥ ይቀራል። ልጅሽ ይህን ቢያይ ለቅሶውን የሚረሳ ይመስለኛል። ሳድግ የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ ካለ ግን በኔ አታመካኚ።

ስለዚህ ጆሮ ዳብሶ ትኩሳት አለባት ማለት አይቻልም። የጤነኛ ጥንቸል ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ለኛ ትኩሳት የሆነው ለሷ ጤና ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቀኑ ሞቆ እያለ ጆሮዋ በረዶ ሆኖ፣ ምግብም እንቢ ካለች፣ ፍግም ካቆመች፣ ያኔ እስከ ነገ አትጠብቂ። ጥንቸል ግማሽ ቀን ሳትበላ ከዋለች አንጀቷ ሊቆም ይችላል። ብዙ ጥንቸል የሚሞተው «ነገ ይሻላት ይሆናል» እየተባለ ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደወደቀው ጆሮ።

ሎፕ የሚባሉ የጥንቸል ዓይነቶች አሉ፣ ጆሯቸው እንደ በግ ወደ ታች የተንጠለጠለ። እነሱም ግን ሲወለዱ እንደዚያ አይደሉም። ጆሯቸው ቆሞ ነው የሚያድገው፣ ከዚያ ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ፣ አንዳንዱ ጋ ከዚያም ዘግይቶ፣ መውደቅ ይጀምራል። ሁለቱም በአንድ ቀን አይወድቁም። አንዱ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ሁለቱም እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ጎን ይዘረጋሉ፣ አንዳንዴ ጠዋት ቆሞ የነበረው ቀን ሲሞቅ ይወድቅና ማታ ተመልሶ ይነሳል። ምክንያቱ የጆሮ ሥር ላይ ነው። የጥንቸል ጆሮ ሥር እንደ ቧንቧ አንዱ በአንዱ ላይ የተገጠሙ የቅርጭጭት፣ ማለትም የለስላሳ አጥንት፣ ቁርጥራጮች ናቸው። ሎፖቹ ጋ በሁለቱ ቁርጥራጮች መካከል ክፍተት አለ። ጆሮው ትንሽ ሳለ ክፍተቱ አይታወቅም፤ እያደገ ሲከብድ ግን እዚያ ቦታ ላይ ይታጠፋል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሚጢ ንጹሕ ሎፕ አትመስለኝም። እኛ አገር የሚሸጡት አብዛኞቹ ድብልቅ ናቸው። ሻጩም «የፈረንጅ ነው» ብሎ ይገላገላል። ከአያቶቿ አንዱ ሎፕ ከነበረ ግን አንድ ጆሮ ወድቆ አንዱ ቆሞ ሊቀር ይችላል፣ ዕድሜ ልኳንም። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን በፈረንጆች 1868 ስለነዚህ ባለ አንድ ውዳቂ ጆሮ ጥንቸሎች ጽፏል። የራስ ቅላቸውን መርምሮ ሁለቱ ጎን እኩል እንዳልሆነ አስተውሏል፤ የጆሮው መውደቅ እስከ አጥንቱ ይደርሳል ማለት ነው። ሰዎች ደግሞ ይህን የጆሮ ነገር አጋንነውት፣ እንግሊዝኛ ሎፕ የሚባለውን ዘር መሬት የሚጠርግ ጆሮ አሸክመውታል። በፈረንጆች 2003 አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ የአንዱ ጆሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ 79 ሳንቲሜትር ሆኗል። ለኔ ይህ ግፍ ነው። እየሄደ የራሱን ጆሮ የሚረግጥ እንስሳ ምን ያስደስታል?

የወደቀ ጆሮ ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን ዕዳ አለው። ቱቦው የታጠፈ ስለሆነ ሰሙ በቀላሉ አይወጣም፣ አየርም አይገባውም። በፈረንጆች 2019 እንግሊዝ አገር 15 ሎፕና 15 ጆሮ ቀጥ ጥንቸሎች ሲመረመሩ፣ የቱቦ ጥበትና የሰም መጠራቀም ሎፖቹ ላይ ጎልቶ ታይቷል፣ ጆሯቸው ሲነካም ሕመም ያሳዩት በብዛት እነሱ ነበሩ። ስለዚህ የሚጢን ግራ ጆሮ በሳምንት አንዴ ማየት ልማድ አድርጊው። ማየት አልኩ እንጂ መጎርጎር አላልኩም። በጥጥ የተጠቀለለ እንጨት እዚያ ውስጥ እንዳይገባ፤ ሰሙን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ቢጫማ ቀጭን ሰም ጤና ነው፣ ተዪው።

እንግዲህ በሽታው ምን ይመስላል? እኛ አካባቢ ከሁሉ የሚበዛው የጆሮ እከክ ነው። በዓይን ለማየት የምትከብድ ተባይ ጆሮው ውስጥ ገብታ ትራባለች። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ያመጣትን ጥንቸል አልረሳትም። ካርቶኑን ስከፍት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነበር። ሁለቱም ጆሮዎች ከሥር እስከ ግማሽ ድረስ በቡናማ ቅርፊት ተሞልተዋል፣ ደርብ በደርብ፣ የቡና ገለባ በሙጫ አጣብቀው የጠቀጠቁባት ነበር የሚመስለው። ጆሮዎቿ የወደቁት በክብደቱ ነው። ራሷን ስታራግፍ ፍርፋሪው ጠረጴዛዬ ላይ ይበተናል። ልጁ «ትናንት ነው የጀመራት» አለኝ። ትናንት አልነበረም፣ ሳምንታት የቆየ ነገር ነው። ትናንት ያዩት መውደቁን ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ በፊት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተዋት ኖሯል፣ ሽታው ግማሹ የሱ ነበር።

እባካችሁ ይህን ነገር ተዉት። ላምባም፣ የተቃጠለ ዘይትም፣ ሎሚም ጥንቸል ጆሮ ውስጥ አይገባም። ቆዳው ስስ ነው፣ ያቃጥላታል፣ ከዚያ ስትልሰው ሆዷ ይገባል። ቅርፊቱንም እየላጣችሁ አታውጡ፤ ሥሩ ጥሬ ሥጋ ነው፣ ይደማል፣ በጣም ያማታል። ተባዩ ሲሞት ቅርፊቱ ራሱ ይረግፋል። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፣ በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ አለ። ችግሩ የሚሸጠው ለከብት ተብሎ መሆኑ ነው። 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ከብት ነው የሚሰላው፣ ጥንቸልሽ ሁለት ኪሎም አትሞላም። በዓይን ግምት የሚሰጥ ሰው ይገድላታል። ስለዚህ መዝኖና አስልቶ የሚሰጣት ሐኪም ጋ ውሰጃት። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል፣ ምክንያቱም መጀመሪያው መርፌ እንቁላሉን አይነካውም። ቤቷም አብሮ ይጸዳል፣ ምንጣፏም ይቀየራል፣ አብራት የምታድር ካለች እሷም ትታከማለች። ለውሻ ቁንጫ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበውን ፊፕሮኒል የሚባል መድኃኒት ግን «ያው እንስሳ ናት» ብለሽ እንዳታደርጊባት። ጥንቸል ይገድላል።

ስለ ምንጣፍ ካነሳሁ አይቀር፣ ጅማ ላይ የቡና ገለባ በነፃ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ለእንስሳት ያነጥፈዋል። ለጥንቸል አልወደውም። እርጥበት ይይዛል፣ በኛ ዝናብ ቶሎ ይሻግታል፣ ካፌይንም አለበት፣ እሷ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ የምታኝክ ፍጥረት ናት። የደረቀ ሳር ይበቃታል።

ሌሎቹ የመውደቅ ምክንያቶች ደግሞ በድንገት ነው የሚመጡት። ማታ ቆሞ ያደረ ጆሮ ጠዋት ወድቆና አብጦ ካገኘሽው፣ ሲዳሰስ ውስጡ ውኃ የቋጠረ ከመሰለ፣ ደም ተቋጥሮበታል፤ ራሷን አጥብቃ ስታራግፍ ወይም ስትመታ ይመጣል። ድመት ነክሷትም ይሆናል፣ የድመት ጥርስ ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ መግሉ ግን ብዙ። ከጆሮው ሥር እብጠት ካለ ውስጡ መግል ሊኖር ይችላል። ራሷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ የምትዞር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከውስጠኛው ጆሮ ወይም ከአንጎል ነውና ቶሎ ነይ። አንቺ ግን «ቀስ በቀስ ዘንበል ዘንበል ሲል ቆይቶ» ብለሽ ጽፈሻል። እኔን ያረጋጋኝ ይቺ አባባልሽ ናት። እድገት እንደዚያ ነው የሚመጣው፣ እየተንፏቀቀ።

እንግዲህ ማታ፣ ልጁም ባለበት፣ ጭንሽ ላይ አስቀምጫትና ግራውን ጆሮ በእጅሽ ቀና አድርጊው። ካላመማት ዝም ትላለች። ከሸሸች ወይም ጥርሷን ካፋጨች ያማታል። ውስጡን በባትሪ እዪ፣ ከዚያ አሽትቺው። አትሳቂ፣ እኔ ሁሌም የማደርገው ነው፤ ጤነኛ የጥንቸል ጆሮ ምንም አይሸትም። በኋላ እግሯ ጆሮዋን ስንት ጊዜ እንደምታክ አንድ ምሽት ልብ በሉ። ሁላቸውም አንዳንዴ ያካሉ፣ እሱ ችግር የለውም። እያካከች ምግቧን የምታቋርጥ ከሆነ ግን አምጫት። የዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችሁ ነው ያለው፣ የጥንቸል ነገር ብሎ የሚስቅብሽ ሰው እዚያ የለም።

ለጎረቤትሽ መልስ ከፈለግሽ፣ የጥንቸል ጆሮ እከክ ተባይ ሰው ላይ አይኖርም። ከጥንቸል ወደ ልጅ የሚጋባው ጭርት ነው። ጸጉሯ ክብ ክብ ሆኖ ከረገፈና ቆዳው ከተቀረፈ ልጁ እንዳያቅፋት፣ እስክትታከም። ከነካት በኋላ እጁን መታጠቡ እንዳለ ነው።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ሌላም ነገር ታያላችሁ። አራትና አምስት ወር ሲሞላት ጠባይዋ ይቀየራል። ጆሮዋን ጀርባዋ ላይ ጥብቅ አድርጋ ለጥፋ፣ እያጉረመረመች፣ እጅሽን ልትመታ ትችላለች። ተቆጣች ማለት ነው። ዓይኗ ፈዞ፣ ሰውነቷ ተዘርግቶ ጆሮዋ ወደኋላ ከተኛ ግን ደልቷታል፣ አትረብሿት። ያው ጆሮ ነው፣ የምታነቡት ከቀረው ሰውነቷ ጋር ነው። ሌላ ጥንቸል ልትጨምሩላት ካሰባችሁም ቆዩ። ሁለት ወንድ ከሆኑ በዚህ ዕድሜ የሚቦጫጨቁት ጆሮ ነው። ሚጢ ሴት መሆኗን በርግጥ አይተሻል? ሐሙስ ገበያ ላይ «ሴት ናት» ተብለው ተሸጠው በሦስተኛው ወር ላይ ወንድነታቸው ብቅ ያለ ስንቶቹን አይቻለሁ።

ደግሞ በጆሮዋ አታንሷት። ሻጮቹ ያደርጉታል፣ ልጆችም ከነሱ አይተው ይማራሉ። ጆሮው ከደም ሥርና ከስስ ቅርጭጭት ውጪ ምንም የለውም፣ ሁለት ኪሎ የሚሸከም ነገር አይደለም። አንድ እጅ ደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ መቀመጫዋ ሥር፣ ከዚያ ወደ ደረት ማስጠጋት።

ልጅሽ «ቀኙም ይወድቃል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሊወድቅም ላይወድቅም ይችላል። ክር አምጡና ሁለቱንም ጆሮ ከሥር እስከ ጫፍ ለኩ፣ ደብተር ላይ ቀኑን ጽፋችሁ በየሳምንቱ ቅዳሜ ድገሙት። ክሩ ለሦስት ቅዳሜ ያው ከሆነ ጆሮው እድገቱን ጨርሷል፤ ያኔም ቀኙ ቆሞ ከተገኘ እንደዚያው የሚቀር ይመስለኛል። የግራውን ውስጥ ግን በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ በፍላሽ አይሁን፣ ያንጸባርቃል።